ኬሬን ሳል እንዴት ይመረጣል? ቁጠባን ወደ ኢንዴክስ ፈንድ ከማስገባት በፊት መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

ይህ ማብራሪያ ከግል ቁጠባቸው ከፊሉን በኢንዴክስ ፈንድ ለማስቀመጥ ለሚያስቡና ጉዳዩን በአማርኛ መረዳት ለሚፈልጉ የእስራኤል ነዋሪዎች የቀረበ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የትኛውም ፈንድ ተለይቶ አልተመከረም። ማብራሪያው ፈቃድ ያለው አማካሪ የአንድን ሰው ገቢ፣ ዕድሜና የቤተሰብ ኃላፊነት መርምሮ የሚሰጠውን ምክር አይተካም። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬሬን ሳል ለመግዛት የሚቀርበው ሰነድ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይፈረማል፤ ውጤቱ ግን ሃያ ዓመት ሊከተል ይችላል። በብዙ ቤተሰቦች ሰነዱን አንብቦ የሚያስረዳው ከትምህርት ቤት ወይም ከሠራዊት የተመለሰ ልጅ ነው። ልጁ ዕብራይስጡን አሳምሮ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ የገንዘብ ገበያ የራሱ ቋንቋ ያለው በመሆኑ ዕብራይስጥ አፉን የፈታበት ሰው ሁሉ ይረዳዋል ማለት አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በፈንዱ ስም ላይ የተጻፉት ምልክቶች ምን እንደሚናገሩና የክፍያው ስሌት እንዴት እንደሚሠራ በተለየ ትኩረት ተብራርቷል።

ኬሬን ሳል ምንድን ነው?

ዕቁብ የብዙ ሰዎችን ገንዘብ አሰባስቦ በየተራ ለአንዱ ይሰጣል። ኬሬን ሳልም የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ያሰባስባል፤ ነገር ግን ገንዘቡን ለአንዱ በመስጠት ፈንታ የብዙ ድርጅቶችን አክሲዮን ወይም ቦንድ ይገዛበታል። እያንዳንዱ ቆጣቢ ባስገባው ገንዘብ ልክ የዚያ ስብስብ ባለድርሻ ይሆናል። ምን እንደሚገዛ የሚወስነው የፈንዱ አስተዳዳሪ በየዕለቱ በሚያደርገው ምርጫ አይደለም፤ አስቀድሞ የታወቀ ዝርዝር ማለትም ኢንዴክስ ነው። ለምሳሌ «ቴል አቪቭ 125» የሚባለው ኢንዴክስ በቴል አቪቭ ገበያ ከተመዘገቡት ድርጅቶች ትልልቆቹን 125 የያዘ ሲሆን፣ እሱን የሚከተል ፈንድ እነዚሁኑ ድርጅቶች በየድርሻቸው ይይዛል። ኢንዴክሱ ሲወጣ ፈንዱ ይወጣል፤ ሲወርድም አብሮ ይወርዳል።

ቀደም ባሉት ዓመታት በእስራኤል ይሸጥ የነበረው «ቴዑዳት ሳል» ይባል ነበር። ይህ ሰነድ አውጪው ኩባንያ የኢንዴክሱን ውጤት ለመክፈል የገባው ቃል ስለነበር፣ ገዢው የኩባንያውን የመክፈል አቅም ጭምር ማመን ይጠበቅበት ነበር። በጥቅምት 2018 ተግባራዊ የሆነው የሕግ ማሻሻያ ሰነዶቹን ወደ ፈንድነት ለውጧቸዋል። ዛሬ በኬሬን ሳል ውስጥ ያለው ንብረት ከአስተዳዳሪው ኩባንያ ንብረት ተለይቶ በባለአደራ ቁጥጥር ሥር ይቀመጣል። ይህ ጥበቃ ኩባንያው ቢከስር የቆጣቢው ገንዘብ አብሮ እንዳይጠፋ ያደርጋል። የገበያው ዋጋ ቢወድቅ ግን ማንም ካሣ አይከፍልም፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ከኬሬን ሳል ጎን «ኬሬን ሜሐካ» የሚባል ዘመድ አለው። እሱም ኢንዴክስን ይከተላል፤ ልዩነቱ በአገዛዙ ላይ ነው። ኬሬን ሳል እንደ ማንኛውም አክሲዮን በገበያው የሥራ ሰዓት ዋጋው ከደቂቃ ደቂቃ እየተለዋወጠ ይሸጣል፣ ይገዛል። ኬሬን ሜሐካ ግን በቀን አንድ ጊዜ በሚወሰን ዋጋ ይገዛል። ለረጅም ጊዜ የሚቆጥብ ሰው የዕለቱ የዋጋ መዋዠቅ እምብዛም አያስጨንቀውም፤ ይልቁንስ በሁለቱ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት ሊያሳስበው ይገባል። ወደዚህ ነጥብ ዝቅ ብለን እንመለሳለን።

በቅድሚያ፦ ይህ ገንዘብ መቼ ያስፈልጋል?

ፈንድ ከመምረጥ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የአሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶች ኢንዴክስ ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 ባለው ጊዜ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በ2013 ነበር። መታገሥ የቻለ ሰው ገንዘቡ ተመልሶለት ከዚያም አልፎ አትርፏል። በ2009 ለቤት መግዣ ቅድመ ክፍያ ወይም ለልጁ ሠርግ ገንዘቡን ማውጣት ግድ የሆነበት ሰው ግን የከሰረውን ከስሮ ወጥቷል። ሁለቱም የገዙት አንድ ዓይነት ፈንድ ሊሆን ይችላል፤ የለያያቸው የጊዜ ገደባቸው ነው።

ስለሆነም በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የሚያስፈልግ ገንዘብ፣ ለምሳሌ ለማሽካንታ ቅድመ ክፍያ የሚጠራቀም፣ በአክሲዮን ፈንድ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ገንዘብ የባንክ ተቀማጭ ወይም «ካስፒት» የሚባለው የአጭር ጊዜ ፈንድ ይሻላል። በባንክ ሂሳብዎ ሚኑስ ካለብዎ ደግሞ እሱን መዝጋት ከየትኛውም ኢንቨስትመንት ይቀድማል። ባንኩ በሚኑስ ላይ የሚያስከፍለውን ወለድ የሚያካክስ ትርፍ በእርግጠኝነት የሚያስገኝ ፈንድ የለምና።

ቀደም ሲል ያለዎትን ይመልከቱ

አዲስ የኢንቨስትመንት ሂሳብ ለመክፈት የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በስሙ የሚጠራቀም፣ በግብር ረገድ የተሻለ ቁጠባ እንዳለው አያውቅም። ተቀጣሪ ከሆኑ በደመወዝ ወረቀትዎ (በትሉሽ) ላይ «ኬሬን ሂሽታልሙት» የሚል መስመር መኖሩን ያረጋግጡ። በተለመደው አሠራር ሠራተኛው 2.5 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 7.5 በመቶ ያስገባሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ በሕግ በተወሰነው ጣሪያ ውስጥ ያለው ገንዘብ ከነትርፉ ያለ ግብር ሊወጣ ይችላል። በዚሁ ኬሬን ሂሽታልሙት ውስጥ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን የመሳሰሉ ኢንዴክሶችን የሚከተሉ «ማስሉሎች» አሉ። ከአንዱ ማስሉል ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላውም መዛወር ግብር አያስከትልም። ስለዚህ የኢንዴክስ ኢንቨስትመንት የሚፈልግ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ግዢ ሳይሆን አንድ የማስሉል መቀየሪያ ቅጽ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ከ2016 ጀምሮ ያለው «ኩፓት ጌሜል ለሃሽቃዓ» ነው። ማንኛውም ነዋሪ በስሙ ወይም በልጁ ስም ሊከፍተው ይችላል። ሲጀመር በዓመት እስከ 70,000 ሼቄል ማስገባት ይፈቀድ ነበር፤ ጣሪያው ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ ይስተካከላል። ገንዘቡን በማንኛውም ጊዜ ማውጣት ይቻላል፣ በትርፉ ላይም መደበኛው ግብር ይከፈላል። ከ60 ዓመት ዕድሜ በኋላ በወርሃዊ አበል መልክ ለሚቀበል ሰው ግን ትርፉ ከግብር ነፃ ነው። እዚህም ማስሉል መቀየር ግብር የለውም። በባንክ በኩል የተገዛን ኬሬን ሳል ሸጦ ሌላ ለመግዛት ግን በትርፉ ላይ ግብር መክፈል ግድ ይሆናል።

ልጆች ላሏቸው ወላጆች ሦስተኛ ነጥብ አለ። ከጥር 2017 ጀምሮ ቢቱዋኽ ሌኡሚ «ሒሳኾን ለኮል የሌድ» በተባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ልጅ በየወሩ ገንዘብ ያስገባል። መጀመሪያ 50 ሼቄል የነበረ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ተስተካክሎ ጨምሯል። ወላጆች ከልጆች አበል ላይ ያንኑ ያህል እንዲጨመር ማድረግ ይችላሉ። ገንዘቡ በባንክ ወይስ በኩፓት ጌሜል፣ በየትኛው የስጋት ደረጃ እንደሚቀመጥ የሚመርጡት ወላጆች ናቸው። ሳይመርጡ ከቀሩ ምርጫው በደንቡ መሠረት በሌላ አካል ይደረጋል። የልጁ ዕድሜ 21 እስኪሞላ ድረስ የኩፓት ጌሜሉን የአስተዳደር ክፍያ የሚሸፍነው ቢቱዋኽ ሌኡሚ ነው። ለዛሬ አራስ የሚቀመጥ ገንዘብ 18 ዓመት የሚጠብቅ በመሆኑ ዝቅተኛ ስጋት ያለውን ማስሉል መምረጥ ጥንቃቄ ቢመስልም፣ በተግባር የልጁን የማደግ ዕድል የሚያጠብ ምርጫ ነው።

በፈንዱ ስም ላይ የተጻፈው ቁጥርና ፊደል

በእስራኤል የሚሸጥ እያንዳንዱ ፈንድ በስሙ ላይ በቅንፍ ውስጥ አንድ ቁጥርና አንድ የላቲን ፊደል ይይዛል። ከሙሉው ሰነድ ይልቅ ይህ አጭር ምልክት ብዙ ይናገራል፤ ነገር ግን ብዙ ገዢዎች አልፈውት ይሄዳሉ።

ቁጥሩ ፈንዱ ምን ያህል ለአክሲዮን የተጋለጠ እንደሆነ ያሳያል። 0 ማለት ምንም አክሲዮን የለውም፤ 1 እስከ 10 በመቶ፣ 2 እስከ 30 በመቶ፣ 3 እስከ 50 በመቶ፣ 4 እስከ 120 በመቶ ማለት ነው። ተራ የአክሲዮን ኢንዴክስ የሚከተሉ ፈንዶች 4 ቁጥር አላቸው። ከዚያ በላይ 5 እስከ 200 በመቶ፣ 6 ደግሞ ከ200 በመቶ በላይ ነው። 5 ወይም 6 ካዩ ፈንዱ «ሜሙኔፌት» ሊሆን ይችላል፤ ይህም ማለት የኢንዴክሱን መውጣትም መውረድም እጥፍ ወይም ከእጥፍ በላይ አድርጎ የሚያሳይ ነው። ኢንዴክሱ 20 በመቶ ሲወርድ ሦስት እጥፍ የሆነው ፈንድ ወደ 60 በመቶ ሊያጣ ይችላል። 60 በመቶ ያጣ ገንዘብ ወደ ነበረበት ለመመለስ ደግሞ 150 በመቶ ማደግ አለበት። ለቤተሰብ ቁጠባ እንዲህ ዓይነት ፈንድ ተገቢ የሚሆንበትን ሁኔታ ማሰብ ያስቸግራል።

ፊደሉ ለውጭ ምንዛሪ ያለውን ተጋላጭነት ያመለክታል። በፊደሉ ቦታ 0 ካለ ምንም የምንዛሪ ተጋላጭነት የለም፤ ኤ እስከ 10 በመቶ፣ ቢ እስከ 30 በመቶ፣ ሲ እስከ 50 በመቶ፣ ዲ እስከ 120 በመቶ ነው። ከዚህ ሌላ በስሙ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት (!) ካለ ፈንዱ ደረጃቸው ዝቅተኛ በሆነ ወይም ደረጃ ባልተሰጣቸው ቦንዶች ላይ ከፍ ያለ ተጋላጭነት ሊኖረው እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ቦንድ ሁሉ አስተማማኝ ነው ብሎ የሚያምን ገዢ ይህን ምልክት ልብ ሊለው ይገባል።

እንግዲህ አንድ ሰው ሁለት ፈንዶች ቀርበውለት ሁለቱም ኤስ ኤንድ ፒ 500ን ይከተላሉ ቢባል፣ አንዱ 4ዲ ሌላው 4ኤ ከሆነ አንድ ዓይነት አይደሉም። 4ኤ የሆነው በስሙ ላይ «ሜኑትሬሌት ማታኽ» የሚል ቃል ይኖረዋል። ይኸውም የዶላርና የሼቄል ምንዛሪ ለውጥ እንዳይነካው ተደርጎ የተዘጋጀ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? አንድ ዶላር 4 ሼቄል በነበረበት ዕለት 4ዲ ፈንድ ገዙ እንበል። ኢንዴክሱ በዶላር 10 በመቶ ቢያድግና ዶላሩ ወደ 3.60 ሼቄል ቢወርድ፣ በዜና የሰሙት የ10 በመቶ ዕድገት በእርስዎ ሂሳብ ላይ የ1 በመቶ ኪሣራ ሆኖ ይታያል። በተቃራኒው ኢንዴክሱ 10 በመቶ ወርዶ ዶላሩ ወደ 4.40 ቢወጣ ኪሣራዎ 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። ይህ የወረቀት ላይ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ2021 መጨረሻ አንድ ዶላር 3.1 ሼቄል ገደማ የነበረ ሲሆን በጥቅምት 2023 ከ4 ሼቄል በላይ ደርሷል፤ ከዚያም ተመልሶ ወርዷል። የዶላሩን አካሄድ ተንብዮ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ባለሙያዎችም የሚሳሳቱበት ነገር ነው። የተሻለው መመሪያ የራስ ኑሮ ነው፤ ወጪው ሁሉ በሼቄል የሆነና ገንዘቡን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚፈልግ ሰው የምንዛሪውን መዋዠቅ መሸከም አያስፈልገውም። ለረጅም ጊዜ የሚቆጥብ ሰው ግን መዋዠቁን ሊታገሠው ይችላል። ምንዛሪውን ማስወገድ ራሱ ወጪ ሊኖረው እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

የትኛውን ኢንዴክስ?

ይህ ጥያቄ ከሚገባው በላይ ጊዜ ይወሰድበታል፤ በአጭሩ እናልፈዋለን። ቴል አቪቭ 35 እና ቴል አቪቭ 125 የእስራኤልን ኢኮኖሚ በተለይም ባንኮችን በሰፊው ይዘዋል። ሥራዎ፣ ቤትዎና ጡረታዎ በእስራኤል ኢኮኖሚ ላይ የተመሠረቱ ከሆኑ ቁጠባዎም ሁሉ እዚሁ መሆኑ ስጋቱን በአንድ ስፍራ ያከማቸዋል። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 500 የሚጠጉ የአሜሪካ ድርጅቶችን ቢይዝም፣ እንደ አፕል፣ ማይክሮሶፍትና ኤንቪዲያ ያሉ ጥቂት ግዙፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ድርሻ በጣም ከፍተኛ ነው። ኤም ኤስ ሲ አይ ኤሲዊ የተባለው ዓለም አቀፍ ኢንዴክስ ከ40 በላይ አገሮችን ያካትታል፤ ሆኖም ከግማሽ በላዩ የአሜሪካ ነው። ስለዚህ ኤስ ኤንድ ፒ 500 እና ዓለም አቀፉን ኢንዴክስ፣ በዚያም ላይ የናስዳክ 100 ፈንድ የገዛ ሰው ሦስት ቦታ ያከፋፈለ ይመስለዋል እንጂ በአብዛኛው ያንኑ ድርጅት ሦስት ጊዜ ገዝቷል። ስለ አንድ ዘርፍ ብቻ የሚናገሩ፣ ዜናው ሲግል የሚወጡ ፈንዶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለገበያ የሚቀርቡት ዋጋው ከወጣ በኋላ ነው።

ወጪው የት የት ተደብቋል?

ትርፉ በማንም እጅ አይደለም፤ ወጪው ግን በገዢው ምርጫ ይወሰናል። በመጀመሪያ «ዴሜይ ኒሁል» የሚባለው የአስተዳደር ክፍያና የባለአደራው ክፍያ አሉ። ሁለቱም በዓመት በመቶኛ ይገለጻሉ፤ ከፈንዱ ውስጥ በየዕለቱ ስለሚቀነሱ በባንክ መግለጫ ላይ እንደ ወጪ አይታዩም። በወር 500 ሼቄል ለ20 ዓመት የሚያስገባ ሰው ከኪሱ የሚያወጣው 120,000 ሼቄል ነው። ገበያው ከወጪ በፊት በዓመት 6 በመቶ ቢያድግ፣ ጠቅላላ ክፍያው 0.2 በመቶ በሆነ ፈንድ 225,600 ሼቄል ገደማ ያገኛል። ክፍያው 1 በመቶ ከሆነ የሚያገኘው ወደ 205,500 ሼቄል ይሆናል። በመቶኛ ሲነገር ኢምንት የሚመስለው ልዩነት 20,000 ሼቄል ነው። የ6 በመቶው ዕድገት ለስሌት የተወሰደ እንጂ ቃል የተገባ አይደለም።

ቀጥሎ ባንኩ ወይም የገበያው አባል የሆነው ድርጅት የሚጠይቀው የግዢና የሽያጭ ኮሚሽን ይመጣል። በትንሽ በትንሹ ለሚቆጥቡ ሰዎች ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ኮሚሽኑ በመቶኛ ቢገለጽም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ መጠን አለው። ዝቅተኛው 20 ሼቄል ከሆነና በየወሩ የ500 ሼቄል ኬሬን ሳል ከገዙ፣ ገንዘቡ ገበያ ሳይደርስ 4 በመቶው ሄዷል። ከላይ በተጠቀሰው ስሌት ይህ የስምንት ወር ትርፍ ነው። ኬሬን ሜሐካን ስንገዛ ግን ብዙውን ጊዜ የግዢ ኮሚሽን አይጠየቅም፤ ኩፓት ጌሜል ለሃሽቃዓም በእያንዳንዱ ወርሃዊ ክፍያ ላይ ኮሚሽን የለውም። ስለዚህ የአስተዳደር ክፍያው ጥቂት ከፍ ያለ ቢሆንም ለትንንሽ ወርሃዊ ቁጠባ እነዚህ የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ ጊዜ ከፍ ያለ ገንዘብ ለሚያስገባና ለዓመታት ለማይነካው ሰው ደግሞ ኬሬን ሳል ርካሽ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ሰነዱን ለመያዝ በየጊዜው የሚከፈል «ዴሜይ ሚሽሜሬት» አለ። የባንክ ኮሚሽኖች ሊቀነሱ የሚችሉ ናቸው፤ ደንበኛው ከጠየቀ ብዙ ጊዜ ይቀነሳሉ። መከራከር ነውር የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ በዚህ ጉዳይ ግን መጠየቅ የተለመደና የሚጠበቅ ነው። የተሰጠዎትን ቅናሽ ከነማብቂያ ቀኑ በጽሑፍ ይቀበሉ።

ግብር

ፈንዱን ሸጠው ካተረፉ፣ የዋጋ ንረቱ ከተቀነሰ በኋላ በሚቀረው እውነተኛ ትርፍ ላይ 25 በመቶ ግብር ይከፈላል። በ20,000 ሼቄል የተገዛ ፈንድ በ30,000 ቢሸጥና በዚያው ጊዜ የዋጋ ንረቱ 10 በመቶ ቢሆን፣ ግብር የሚታሰበው በ8,000 ሼቄል ላይ ነው፤ ግብሩም 2,000 ሼቄል ይሆናል። ባንኩ ራሱ ቀንሶ ለግብር ባለሥልጣን ስለሚያስተላልፍ ሻጩ የተለየ ቅጽ መሙላት አይጠበቅበትም። በአንድ ባንክ በዚያው ዓመት የደረሰ ኪሣራ ከትርፉ ጋር ይካካሳል። ትርፉ በአንድ ባንክ፣ ኪሣራው በሌላ ከሆነ ግን ማካካሻውን ማግኘት የሚቻለው ለግብር ባለሥልጣን ዓመታዊ መግለጫ በማቅረብ ነው።

ብዙዎች የማይጠቀሙበት መብት አለ። በዓመቱ ገቢያቸው ዝቅተኛ የነበረ ሰዎች፣ ለምሳሌ በሠራዊት ያገለገሉ፣ የሚማሩ ወይም ለጊዜው ሥራ ያቆሙ፣ ያልተጠቀሙባቸው «ኔኩዶት ዚኩይ» ካሏቸው ባንኩ ከትርፋቸው ላይ የቀነሰውን ግብር በከፊል ወይም በሙሉ ማስመለስ ይችሉ ይሆናል። ጥያቄው እስከ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ሊቀርብ ይችላል።

በውጭ አገር የኢንቨስትመንት ሂሳብ ከፍተው በአሜሪካ የተመዘገቡ ፈንዶችን በቀጥታ የሚገዙ ሰዎች ሌላ ሕግ ማወቅ አለባቸው። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ያልሆነ ሰው ሲሞት፣ በአሜሪካ የተመዘገበ ንብረቱ ከ60,000 ዶላር ካለፈ ወራሾቹ እስከ 40 በመቶ የሚደርስ የአሜሪካ የውርስ ግብር ሊጠየቁ ይችላሉ። በእስራኤል የውርስ ግብር ከ1981 ጀምሮ ስለሌለ ይህን የሚጠብቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። አንዳንድ የውጭ ፈንዶች በአየርላንድ ተመዝግበው በቴል አቪቭ ገበያም ይሸጣሉ፤ የምዝገባውን አገር አይቶ መግዛት ይህን ችግር አስቀድሞ ያስቀራል።

ማን ነው የሚመክርዎት?

በ1995 የወጣው ሕግ በ«ዮኤጽ ሃሽቃዖት» እና በ«ሜሻቬክ ሃሽቃዖት» መካከል ልዩነት ያደርጋል። የመጀመሪያው አማካሪ ሲሆን ከሚመክረው ምርት ጋር የጥቅም ትስስር ሊኖረው አይገባም። ሁለተኛው ምርቱን የሚያስተዋውቅ ሲሆን ከአምራቹ ጋር ትስስር አለው፤ ይህንንም ለደንበኛው የመግለጽ ግዴታ አለበት። ሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በስብሰባው መጀመሪያ ላይ «እርስዎ ከሁለቱ የትኛው ነዎት?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው፤ መልሱም ምክሩን በምን ሚዛን መመዘን እንዳለብዎ ይነግርዎታል።

ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች በዋትሳፕና በቴሌግራም ቡድኖች፣ አንዳንዴም በራሳችን ቋንቋ ተናግረው፣ «የተረጋገጠ ወርሃዊ ትርፍ» እያሉ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ትክክለኛ ኬሬን ሳል የተረጋገጠ ትርፍ የለውም፤ ያለው ፈንድ ከተባለ ፈንድ አይደለም። ገንዘቡን በግለሰብ ሂሳብ፣ በቢት ወይም በክሪፕቶ እንዲልኩ ከተጠየቁ ንግግሩን ማቋረጥ ይገባል። ኬሬን ሳል የሚገዛው በስምዎ በተከፈተ የባንክ ወይም የገበያ አባል ሂሳብ ብቻ ነው። ክኔሴት በ2017 የባይነሪ ኦፕሽን ንግድን በሕግ የከለከለው በማታለል ለደረሰው ሰፊ ጉዳት ምላሽ ነበር፤ አታላዮቹ ግን ስም እየለወጡ ይቀጥላሉ። ሰውየው የቅርብ ዘመድ ወይም የተከበረ ሽማግሌ ያስተዋወቀው መሆኑ ፈቃዱን አይተካም።

አገልግሎት ለማግኘትና አቤቱታ ለማቅረብ

የአማካሪን፣ የአስተዋዋቂንና የፈንድ አስተዳዳሪን ፈቃድ በእስራኤል የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ባለሥልጣን («ራሹት ኒያሮት ዔሬኽ») ድረ ገጽ ማረጋገጥ ይቻላል። በፈንድ አስተዳዳሪ ወይም በአማካሪ ላይ ያለ አቤቱታም የሚቀርበው ለዚሁ ባለሥልጣን ነው። ባንክ ያለአግባብ ያስከፈለውን ኮሚሽን የሚመለከት አቤቱታ በመጀመሪያ ለባንኩ የሕዝብ ቅሬታ ክፍል በጽሑፍ፣ መልሱ ካላረካ ለእስራኤል ባንክ የባንኮች ቁጥጥር ክፍል ይቀርባል። ኬሬን ሂሽታልሙትንና ኩፓት ጌሜልን የሚመለከተው ለካፒታል ገበያ፣ ኢንሹራንስና ቁጠባ ባለሥልጣን ነው። የሒሳኾን ለኮል የሌድ ማስሉል ምርጫ በቢቱዋኽ ሌኡሚ በኩል ይፈጸማል።

ወደ ባንክ ወይም ወደ አማካሪ ሲሄዱ የቴዑዳት ዜሁት፣ የመጨረሻ ሦስት ወራት የደመወዝ ወረቀትና የኬሬን ሂሽታልሙት የቅርብ ጊዜ መግለጫ ይዘው ይቅረቡ። የፈንዱን ሙሉ ስም፣ የመለያ ቁጥሩን፣ በቅንፍ ያለውን ምልክትና ጠቅላላ ወጪውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቤት ወስደው በሚገባዎ ቋንቋ እስኪረዱት ድረስ ፊርማዎን ማዘግየት ይችላሉ።